«24 ዲግሪ ውርጭ» ስንት ሴንቲግሬድ ነው? ስለ ሬኦሙርና ስለ ዴሊል የሙቀት ልኬቶች

ጠያቂ፦ ባለብዕር

ጤና ይስጥልኝ። በወጣትነቴ በሩሲያ ተምሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ናፖሊዮን በ1812 ሞስኮን ለቆ ሲያፈገፍግ ከኋላ እየተከታተለ ይወጋው በነበረው ጦር ውስጥ ያገለገለ አንድ ሩሲያዊ መኮንን የጻፈውን የዕለት ማስታወሻ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ እገኛለሁ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው በመልካም ሁኔታ ሲሄድ ቆይቶ፣ ከሁሉም ይቀላል ብዬ ባሰብኩት ነገር፣ ማለትም በቅዝቃዜው ቁጥር ላይ ተሰናከልኩ።

መኮንኑ በኖቬምበር 19 ቀን ማስታወሻው ላይ «24 ዲግሪ ውርጭ» ብሎ ጽፏል። ሩሲያውያን እስከ ዛሬ «ውርጭ» ሲሉ ከዜሮ በታች ማለታቸው እንደ ሆነ ስለማውቅ፣ በመጀመሪያው ረቂቅ «ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ» ብዬ አሰፈርኩት። ረቂቁን ያነበበልኝ ወዳጄ ግን በዚያ ዘመን በሩሲያ የተለመደው ሬኦሙር የሚባለው ልኬት እንደ ነበር አስታወሰኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ዦዜፍ ሚናር በ1869 ወደ ሠራው፣ የናፖሊዮን ሠራዊት በጉዞው እየሳሳ መሄዱን በመስመር ውፍረት ወደሚያሳየው ካርታ ተመለስኩ። በካርታው ግርጌ የቅዝቃዜ መስመር አለ፤ ለዲሴምበር 1 ቀን 24፣ ለዲሴምበር 6 ቀን ደግሞ 30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይላል። ለብዙ ዓመታት በሴንቲግሬድ እየመሰለኝ ያነበብኩት ይህ ቁጥር ለካ በሬኦሙር የተጻፈ ኖሯል።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ለትርጉሙ መግቢያ ይሆነኝ ዘንድ ስለ ሩሲያ ክረምት ሳነብ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሴንት ፒተርስበርግ ከተመዘገቡ የአየር ጠባይ ንባቦች መካከል በጃንዋሪ ወር «195 ዲግሪ» የሚል አገኘሁ። የመቀነስ ምልክት የለውም፤ ስለ ውርጭም አያነሣም። ኔቫ ወንዝ በረዶ በሚሆንበት ወር 195 ዲግሪ ምን ማለት እንደ ሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች ወደ ዛሬው ልኬት የምመልስበትን ስሌት ብታስረዱኝ ደስታዬ ነው። ከዚያም በላይ፣ ስሌቱን ካወቅሁ በኋላ በመኮንኑ ቃል ውስጥ 24ን አንሥቼ አዲሱን ቁጥር መተካት ይገባኛልን?

መልስ፦ መምህረ ፊዚክስ

ውድ ባለብዕር፣ ወደ ስሌቱ ከመግባቴ በፊት መልሱን ላስቀድም። በሬኦሙር የተጻፈው የመኮንኑ 24 እና ዴሊል በሚባል ልኬት የተጻፈው የፒተርስበርጉ 195 አንድ ቅዝቃዜ ናቸው፤ ሁለቱም በዛሬው ልኬት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ (እርስዎ ሴንቲግሬድ ያሉት) ይሆናሉ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ሲረዱ ሌላው ሁሉ ይቀልልዎታል።

የእኛን ዘመን ወደ አውሮፓውያን ዘመን ስንመልስ የሚያስጨንቀን የመነሻው ልዩነት ብቻ ነው፤ የዓመቱ ርዝመት በሁለቱም ዘንድ አንድ ያህል ነውና 7 ወይም 8 ዓመት መደመር ይበቃናል። በሙቀት ልኬቶች መካከል ግን መነሻውም፣ የአንዱ ዲግሪ ስፋትም ሊለያይ ይችላል፤ በዴሊል ልኬት ደግሞ የቁጥሩ አቅጣጫ ራሱ የተገለበጠ ነው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ቁጥር ሲያጋጥምዎ ዜሮው የት እንደ ተተከለ፣ ከበረዶ መቅለጫ እስከ ውኃ መፍያ ያለው ርቀት በስንት እንደ ተከፈለ፣ ቁጥሩም የሚያድገው ወደ ሙቀት ይሁን ወደ ቅዝቃዜ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሬኔ አንትዋን ፌርሾ ደ ሬኦሙር በ1730 ያቀረበው ልኬት በረዶ በሚቀልጥበት ላይ ዜሮን፣ ውኃ በሚፈላበት ላይ 80ን ያስቀምጣል። ይህንኑ ርቀት ሴልሺየስ በ100 ስለሚከፍለው፣ 4 የሬኦሙር ዲግሪ ከ5 የሴልሺየስ ዲግሪ ጋር እኩል ነው። ዜሮው የጋራ በመሆኑ የሚደመርም የሚቀነስም የለም፤ በ5 አባዝቶ ለ4 ማካፈል ብቻ ነው። የመኮንኑ 24 ወደ 30 የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። በሚናር ካርታ ላይ ለኖቬምበር 28 ቀን የተጻፈው 20 ደግሞ 25 ይሆናል፤ የዲሴምበር 6ቱ 30 ወደ 37.5፣ በማግስቱ የተጻፈው 26 ወደ 32.5 ይመጣል። እንግዲህ ካርታውን በሴንቲግሬድ ያነበበ ሰው ሠራዊቱ የቀመሰውን ቅዝቃዜ አንድ አምስተኛ ያህል አሳንሶ ይረዳዋል ማለት ነው።

የዴሊል ታሪክ ከዚህ ይለያል። ዮሴፍ ኒኮላ ዴሊል ታላቁ ጴጥሮስ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የጋበዘው ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሲሆን፣ በ1732 በሜርኩሪ የሚሠራ የሙቀት መለኪያ አበጀ። መነሻው ያደረገው የውኃን መፍያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሜርኩሪው እየቀዘቀዘ ሲኮማተር ምን ያህል እንደ ተሰበሰበ ይቆጥር ነበር። ስለዚህ ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ዲግሪው ያድጋል። በ1738 ዮሲያስ ቫይትብሬኽት ልኬቱን አስተካክሎ የውኃ መፍያው 0፣ የበረዶ መቅለጫው 150 እንዲሆን አደረገ፤ በሩሲያ ለመቶ ዓመት ያህል ሲሠራበት የኖረውም ይኸው ነው። ስሌቱም እንዲህ ነው፦ የዴሊልን ቁጥር በ2 አባዝተው ለ3 ያካፍሉ፤ የተገኘውን ከ100 ይቀንሱ። 195 በ2 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 130 ይሆናል፤ ከ100 ላይ 130 ሲነሣ ከዜሮ በታች 30 ይቀራል።

የተገለበጠ መሆኑ አእምሮን ቢያስቸግርም በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ብዙ ንባቡ ከበረዶ መቅለጫ በታች ለሚሆን አገር የመቀነስ ምልክት የማያስፈልገው ልኬት ምቾት ነበረው ብዬ አምናለሁ። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስም በ1742 በኡፕሳላ ያቀረበው ልኬት እንዲሁ የተገለበጠ ነበር፤ ውኃ በ0 ይፈላል፣ በ100 በረዶ ይሆናል። ዛሬ በምናውቀው መልክ የተገለበጠው እርሱ በ1744 ካረፈ በኋላ ነው። በራሱ በሴልሺየስ መለኪያ ቢጻፍ ኖሮ የእርስዎ ቅዝቃዜ 130 ዲግሪ ይባል ነበር።

ለሙሉነት ያህል፣ ይኸው ቅዝቃዜ በፋራናይት ከዜሮ በታች 22 ነው። ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር የበረዶ መቅለጫን በ7.5፣ የውኃ መፍያን በ60 ላይ ስላስቀመጠ በእርሱ ልኬት ከዜሮ በታች 8.25 ይሆናል። በ1859 የቀረበው የራንኪን ልኬት ከፍጹማዊው ዜሮ፣ ማለትም ከዚያ በታች መቀዝቀዝ ከማይቻልበት ነጥብ፣ ስለሚጀምር 437.67 ይላል።

መልስ፦ የአየር ጠባይ ታዛቢ

መምህሩ ያቀረቡት ስሌት ትክክል ነው፤ አንድ ነጥብ እንኳ የማርመው የለኝም። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በጣቢያ መለኪያ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ስሌቱ ስለማይነግረን ነገር መናገር እወዳለሁ። ስሌቱ የሚያገለግለን ቁጥሩን ያነበበው መሣሪያ ስሌቱ የሚገምተው ዓይነት መሣሪያ ከሆነ ብቻ ነው።

ሬኦሙር ራሱ የሠራው መለኪያ በአልኮል የተሞላ ነበር። አንድ ዲግሪ ይል የነበረው፣ በበረዶ ነጥብ ላይ 1000 እጅ የነበረው አልኮል በአንድ እጅ ሲሰፋ ነው፤ 80 የሚለው ቁጥርም ከዚያ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ንጹሕ አልኮል ውኃ ከመፍላቱ አስቀድሞ በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ይፈላል፤ የሚሰፋውም በሙቀቱ ልክ እኩል እየተራመደ አይደለም፤ በውኃ የተቀላቀለበት መጠን ሲለያይ ደግሞ ጠባዩም ይለያያል። የጄኔቫው ዣን አንድሬ ዴሉክ በ1772 ባሳተመው ሥራው የሜርኩሪን ብልጫ ካስረዳ በኋላ፣ ሬኦሙር የሚለው ስም በበረዶ መቅለጫና በውኃ መፍያ መካከል እኩል በ80 ለተከፈለው የሜርኩሪ መለኪያ ተሰጠ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ልኬቶች አሉ ማለት ነው። በ5 አባዝቶ ለ4 ማካፈል በእርግጠኝነት የሚሠራው ለኋለኛው ነው። የባለብዕር መኮንን ከዴሉክ አርባ ዓመት በኋላ የጻፈ በመሆኑ ስሌቱን መጠቀም ተገቢ ነው፤ በ1740 የተጻፈ የፓሪስ ንባብ ቢያጋጥማቸው ግን ያንኑ ስሌት ሳያመነቱ እንዲጠቀሙ አልመክርም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሜርኩሪ መርጋት ነው። ሜርኩሪ፣ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት፣ ከዜሮ በታች 38.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይረጋል። ይህ በሬኦሙር ከዜሮ በታች 31፣ በዴሊል 208 ገደማ ነው። ከዚያ የባሰ ብርድ ሲመጣ በቱቦው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ይጠጥርና በአንድ ጊዜ እጅግ ይኮማተራል፤ መስመሩም ወደ ታች ይወርዳል፤ አንባቢው ግን ብርድ የወረደ መስሎት ይጽፋል። በሳይቤሪያ ጉዞ ላይ የነበረው ዮሃን ጊዮርጊ ግሜሊን በ1735 በየኒሴይስክ ከዜሮ በታች 120 ፋራናይት ያህል የሆነ ንባብ መመዝገቡ የሚታወቅ ነው። በስሌት ቢለወጥ ከዜሮ በታች 84 ሴልሺየስ ግድም ይሆናል። ስሌቱ አንዳች ጉድለት የለበትም፤ ነገር ግን በሰሜኑ የምድር ክፍል እንዲህ ያለ ብርድ በአስተማማኝ መሣሪያ ተመዝግቦ አያውቅም። መርጋቱ የታወቀው በ1759 ዲሴምበር ላይ ዮሴፍ አዳም ብራውንና ሚካሂል ሎሞኖሶቭ በሴንት ፒተርስበርግ በበረዶና በናይትሪክ አሲድ ድብልቅ ሜርኩሪን አጠጥረው ባሳዩ ጊዜ ነው። የመርጊያው ነጥብ ከዜሮ በታች 39 ፋራናይት አካባቢ መሆኑንም ሄንሪ ካቨንዲሽ በሃድሰን ወሽመጥ የተደረጉትን ሙከራዎች ተንትኖ በ1783 አስረዳ።

አሁን ወደ ሚናር ካርታ ልመለስ። የዲሴምበር 6ቱ ንባብ 37.5 ሴልሺየስ ነው ብለናል፤ ሜርኩሪው ሊረጋ ከ1 ዲግሪ ብዙም ያልበለጠ ነገር ቀርቶታል። ስለዚህ ቁጥሩ ሊሆን የማይችል አይደለም፤ ነገር ግን ከነግማሽ ዲግሪው ይዞ እንደ ሚዛን ቁጥር ማቅረብ ለመሣሪያው ያልነበረውን ታማኝነት መስጠት ነው። የናፖሊዮን ሠራዊት ዋና ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ በማፈግፈጉ ወቅት የሬኦሙር መለኪያ ልብሱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር። በእግር በሚጓዝ ሰው ደረት ላይ የተሰቀለ መለኪያ፣ ዛሬ ነጭ ቀለም በተቀባ፣ አየር በሚያሳልፍ ሣጥን ውስጥ፣ ከፀሐይ ተከልሎ በሰው ቁመት ከሚቀመጠው ጋር በምንም መንገድ አይተካከልም። የሰውነት ሙቀት ይነካዋል፤ የሠፈር እሳት ይነካዋል።

ስለ ውኃ መፍያም አንድ ቃል ልጨምር። ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ፋራናይት በ1720ዎቹ አስተውሎታል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ እዚህ ተቀምጦ «የውኃ መፍያ 80 ነው» ብሎ የሬኦሙር መለኪያ የሚሠራ ሰው ከ74 ያነሰውን ሙቀት 80 ብሎ ያትማል፤ በባሕር ጠረፍ ከተሠራው መለኪያ ጋር ከበረዶ ነጥብ በቀር በየትም አይስማማም። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ መፍያው በየትኛው ግፊት መለካት እንዳለበት በካቨንዲሽ በሚመራ ኮሚቴ የወሰነው በ1777 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ መለኪያዎች መካከል ልዩነት ቢገኝ ልንደነቅ አይገባም።

መልስ፦ የቋንቋ ሰው ከለንደን

ሁለቱ መምህራን ስለ ልኬቱ ብዙ አስተምረውናል። እኔ የምናገረው ስለ ጽሑፉ ነው፤ ሙያዬ ትርጉም ነውና።

አቶ ባለብዕር ከሩሲያኛ በቀጥታ መተርጎምዎ አንድ ትልቅ ወጥመድ አስቀርቶልዎታል። እንግሊዞችም በድሮ ጽሑፋቸው «ይህን ያህል ዲግሪ ውርጭ» ይላሉ፤ የሚቆጥሩት ግን በረዶ ከሚቀልጥበት ከ32 ፋራናይት ወደ ታች ነው። በእንግሊዝኛ 24 ዲግሪ ውርጭ ማለት 8 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 13 ሴልሺየስ ግድም ነው። ማስታወሻው በእንግሊዝኛ በኩል ቢደርስዎ ኖሮና እንግሊዛዊው ተርጓሚ ልኬቱን ሳይጠቅስ ቢያልፈው ኖሮ፣ አንዱ ሐረግ ከዜሮ በታች 13፣ 24 ወይም 30 ተብሎ ሊነበብ ይችል ነበር። ሰው በ13 ይበርደዋል፤ በ30 ደግሞ እጅና እግሩን ያጣል። ለታሪኩ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ቀኑንም ይመልከቱት። መኮንኑ «ኖቬምበር 19» ያለው በሩሲያ ይሠራበት በነበረው በጁሊያን አቆጣጠር ነው። በዚያ ክፍለ ዘመን ጁሊያን ከጎርጎርዮሳዊው 12 ቀን ወደ ኋላ ስለሚል፣ የመኮንኑ ኖቬምበር 19 የሚናር ዲሴምበር 1 ነው። ሁለቱም 24 ብለዋል! በሁለት የተለያዩ ቀኖች እንደ ተመዘገቡ አድርገው ያዩዋቸው ንባቦች የአንድ ቀን ንባቦች ናቸው፤ ይህም የመኮንኑ ቁጥር በሬኦሙር ስለ መሆኑ ከወዳጅዎ ቃል የበለጠ ማስረጃ ይሆንዎታል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ኅዳር 23 ቀን 1805 ዓ.ም. ላይ ይውላል።

ቁጥሩን በመኮንኑ ቃል ውስጥ ስለ መተካት የጠየቁትን በተመለከተ ግን መልሴ አይገባም የሚል ነው። መኮንኑ ያየው 24 ነው። 30 የሚለውን ቁጥር አላየውም፤ አልጻፈውምም። በእርሱ አንደበት 30 ስናሰኘው፣ ሌላ ተመራማሪ የእርስዎን ትርጉም ይዞ ከሚናር ካርታ ጋር ሲያስተያይ የማይገጥም ያገኛል፤ እኔ አሁን ያየሁትን መግጠም ሊያየው አይችልም። ዜሮ ነጥብ አምስት ሰባት እያሉ በቅንፍ መሙላቱንም አልወደውም፤ የንባቡን ግለት ያቀዘቅዛል። በጽሑፉ ላይ «24 ዲግሪ ሬኦሙር ውርጭ» ብለው አንድ ቃል ብቻ ቢጨምሩና የቀረውን በግርጌ ማስታወሻ ቢያስረዱ፣ አንባቢም መኮንኑም ተገቢውን ያገኛሉ።

ባለብዕር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቀኑ ነገር በእውነት አስደንቆኛል፤ ሁለቱን ወረቀቶች ለሳምንታት ጎን ለጎን ዘርግቼ ስመለከት ኖሬ አንድ ቀን መሆናቸውን አላየሁም ነበር።

በምክራችሁ መሠረት ቁጥሩን ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። በግርጌው ላይም «ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፤ ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው ዲሴምበር 1 ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል። መኮንኑ ከጥቂት ገጾች በኋላ «ከትናንት ወዲህ ውርጩ በ8 ዲግሪ ላላ» ይላል። የፒተርስበርጉ መዝገብ ደግሞ በአንድ ሌሊት ከ165 ወደ 180 እንደ ሄደ ይናገራል። እነዚህን ልክ እንደ ፊተኞቹ ላስላቸውን? የዴሊሉን ለውጥ፣ 15ን ማለቴ ነው፣ በተማርኩት መንገድ ሳሰላው 90 ሴልሺየስ ወጣልኝ፤ ሊሆን የማይችል ነገር ነው።

መምህረ ፊዚክስ

90 ሴልሺየስ የወጣልዎት ለውጥን እንደ ንባብ ስላሰሉት ነው፤ ስሕተቱ ብዙ ሰው የሚሠራው ነው። ንባብ ማለት በልኬቱ ላይ ያለ አንድ ቦታ ነው፤ ለውጥ ግን በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ ርቀት ነው። ርቀት መነሻውን አያውቅም፤ ስለዚህ ለውጥን ሲያሰሉ የዲግሪውን ስፋት ብቻ ይለውጡ፣ ከ100 መቀነሱን ግን ይተዉት። 15 የዴሊል ዲግሪ በ2 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 10 የሴልሺየስ ዲግሪ ነው። ቁጥሩ ከ165 ወደ 180 በማደጉ አየሩ በ10 ዲግሪ ቀዘቀዘ ማለት ነው፤ ሁለቱን ንባቦች ለየብቻ ቢያሰሏቸውም ከዜሮ በታች 10 እና ከዜሮ በታች 20 ሆነው ያንኑ ያረጋግጡልዎታል። ፋራናይት ቢያጋጥምዎም እንዲሁ ነው፤ በለውጥ ላይ 32 አይነካም።

በሬኦሙር ዜሮው ከሴልሺየስ ጋር አንድ በመሆኑ ንባቡም ለውጡም በአንድ ስሌት ይሄዳሉ። የመኮንኑ 8 ዲግሪ 10 ሴልሺየስ ነው። «ላላ» ስላለ ሙቀቱ ወደ ላይ መሄዱ ነው፤ በግርጌ ማስታወሻው ላይ «በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሞቀ» ቢሉ ይበቃል።